ይሄኛው ለምን አይበርደውም?

እሺ... ዛሬም ወደዚያች ጠርሙስ ልመለስ ነው። መማሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለችው፣ ተማሪዎቹ ባቄላ የሚያበቅሉባት።

አንዲት ተማሪ በአንድ እጇ ታብሌቱን፣ በሌላው ጠርሙሷን ይዛለች። ታብሌቱ ላይ ውኃና ብርሃን ሲጨመርለት ባቄላው ወዲያው አበበ። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ግን በዘጠነኛው ቀንም አብጦ ቁጭ ብሏል። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ «ይሄኛው ለምን አይበርደውም?» አለች፤ የታብሌቱን ማለቷ ነው። «ሲሙሌሽን (አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም) ስለሆነ» ተባለች። ትክክል ነው... ግን ተመለሰላት ወይ?

ደብረ ብርሃን እኮ ነው፣ ያውም በኅዳር። ባቄላ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኝ በሳምንት ይበቅላል፤ ወደ 10 ሲወርድ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ያ ሲሙሌሽን ደግሞ ውኃና ብርሃን እንጂ ሙቀት የሚስተካከልበት የለውም። ልጅቷ የጎደለውን ነገር ነው የነካችው።

አሠራሩ ላይ ስህተት አልነበረም። ነቀዝ ያልበሳው ዘር ተመርጦ ለ12 ሰዓት ተዘፈዘፈ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አየር አጥቶ ይሸታል። ሃይላንዱ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ውስጡ በሶፍት ተሞላ፤ ዘሩ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ገባ፣ ሥሩ እንዲታይ። ውኃው ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሶፍቱ ራሱ ይስበዋል። ዘሩ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል።

እና ደግሞ... ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ታብሌቱ ላይ ሁለቱ ክኮች (የዘሩ ግማሾች) ከአፈር በላይ ብቅ ይላሉ። እሱ እኮ ቦሎቄ ነው! የእኛ ባቄላ ክኮቹን አፈር ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ክኩን ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ ተበላሸ ብለው ይነቅሉታል።

ወደ ብርዱ ልመለስ። በቆልት የሚሠራበት ቤት ያደገ ልጅ መልሱን ያውቀዋል፦ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ይጎነቁላል። እንግዲያው ሁለት ጠርሙስ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ መስኮቱ ላይ፣ አንዱ ጭድ በተሞላ ካርቶን ውስጥ፤ ለመጎንቆል ብርሃን አይፈልግምና። ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትር ይነበባል፣ ሥሩ በማስመሪያ ይለካል። ቡቃያው ሲወጣ ግን ቶሎ ወደ ብርሃን፣ አለበለዚያ ነጥቶ ይረዝማል። ሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጠርሙሱን በጎኑ ማስተኛት ነው፤ በማግስቱ ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ ይገኛል። እሱን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው የአትክልት መደብ ሌላ ጣጣ ነው። ባቄላ የሚዘራው ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ። መስከረም ላይ ቢዘራ ሲያብብ የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ መስከረም ላይ ጎመን፤ ባቄላው የበልግ ዝናብ ከመጣ የካቲት ላይ፣ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 10፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር።

ታብሌቱ ይቅር አልልም። ብርሃኑን ሃያ ጊዜ እየቀያየሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማወዳደር ጠርሙስ ላይ አይቻልም። መጀመሪያ እዚያ ይገምቱ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ይዩት።

ግን የሙቀት ማስተካከያ ቢጨመርለትስ? ምናልባት ያን ጊዜ አትጠይቅም ነበር። ወይም... እንጃ። ጠርሙሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር እኮ የያዘቻት፣ እንዲሞቃት ነው መሰለኝ...