አብሮ የመጣውን ሰው ጠይቁት

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የጥናት መረጃ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ በአረጋውያን ታካሚዎቻችን ላይ የሚታየው የመርሳት በሽታ ጥናት የት እንደደረሰ የሚመለከት ነው። ርዕሱን አከብራለሁ፤ ከጥናቱም እጠቅሳለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። በምርመራችንም በጥናታችንም ውስጥ ከአረጋዊው ጋር አንድ ቤት የሚኖረው ሰው የለበትም። ወንበር ላይ ቦርሳ ታቅፎ ይቀመጣል፤ አንድም ጥያቄ ሳይቀርብለት ተነሥቶ ይሄዳል።

ሁላችሁም የምታውቋቸውን ታካሚ ላስታውሳችሁ። 78 ዓመታቸው ነው። ለደም ግፊት ክትትል ይመጣሉ፤ ልጃቸው አብራቸው አለች። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ «ደህና፣ ተመስገን» ይላሉ፤ ፈገግታቸው አልጎደለም፣ ጨዋታቸውም እንዳለ ነው። «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» «አንድም ቀን አላጓደልኩም።» «ከጀመሩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ሲባሉ ግን አንገታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞራሉ። ይህችን የአንገት መዞር ልብ በሉልኝ። «አንቺ መልሽልኝ» ማለት ናት፤ መዝገባችን ላይ ግን የምትጻፍበት ቦታ የላትም። ግፊቱ ሲለካ 172 በ94 ይሆናል። ሐኪሙ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ 170 ይሆናል፤ አሁን ደግሞ መጠኑን ከፍ ያደርጋል።

እስቲ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ክፈቱና ቁጠሩ። የተሰጣቸው 30 ፍሬ ነው፣ በቀን አንድ። ዛሬ 24ኛው ቀን ነው፤ መቅረት ያለበት 6 ነበር። ሲቆጠር 17 ሆኖ ይገኛል። እኚህ እናት አልዋሹም፤ መርሳታቸውንም ረስተውታል። ልጅቱ ግን ታውቃለች። ድስቱ እሳት ላይ ተረስቶ ሁለቴ ማረሩን፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ምሽት አራት ጊዜ መጠየቃቸውን፣ በራቸውን ቆልፈው ቁልፉን ሲፈልጉ ማደራቸውን ታውቃለች። ማን ጠየቃትና ትናገር?

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ልጅቱ በራሷ ነቅታ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት ትጀምራለች። ሲዘለል ለነበረ መድኃኒት የተጨመረው መጠን አሁን በሙሉ ወደ ሰውነታቸው ይገባል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ይወድቃሉ፤ ዳሌያቸው ይሰበራል። መዝገቡ ላይ «የመውደቅ አደጋ» ተብሎ ይሰፍራል። የመርሳቱ ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የለም። የሚያሳዝነው፣ ያን ቀን ልጅቱን ለማነጋገር አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ይህን ሁሉ የምንሸፍንበት አንድ ቃል አለን፤ «ዕድሜ ነው»። «ዕድሜ ነው» የሚባል ምርመራ የለም! ጉልበት ሲያብጥ «ዕድሜ ነው» ብለን እንኳ መድኃኒት እንጽፋለን፤ አእምሮ ሲደክም ግን «ጃጅተዋል» ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። በሽታው በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 በጀርመን ከተማ ቱቢንገን ላይ ስለ አንዲት ታካሚ ለባልደረቦቹ ሲናገር፣ ያቺ ሴት ሆስፒታል የገባችው በ51 ዓመቷ ነበር። ይህ የአንጎል በሽታ ነው። ዕድሜ ያባብሰዋል እንጂ ዕድሜ አይደለም።

የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ወደምንለካባቸው መመዘኛዎቻችን ልምጣ። ሚኒ ሜንታል የሚባለው በ1975፣ ሞካ የሚባለው በ2005 ወጥተዋል፤ ሁለቱም ከ30 ነጥብ ይታሰባሉ። ሁለቱም ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋሉ፤ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠርን፣ ቅርጽ አይቶ መሳልን ይጠይቃሉ። በሕይወቱ እርሳስ ያልጨበጠ ሰው ሳይታመም ይወድቃል። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር አጥቶም 27 ያገኛል፤ የሞካ ማለፊያ 26 ነውና አለፈ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሞካ ለትምህርት ማካካሻ የሚሰጠው አንድ ነጥብ ነው። 12 ዓመት ለተማረው አንድ ነጥብ፤ ፊደል ላልቆጠረውም ያችው አንድ ነጥብ። በዚህ ውጤት ሠንጠረዥ ሠርተን ስለ በሽታው ስርጭት እንጽፋለን፤ የለካነው ግን የትምህርት ቤቱን ርቀት ሊሆን ይችላል።

አብሮት የሚኖረው ሰው ምስክርነት ይህ ችግር በብዙ ይቀልለዋል፤ አረጋዊውን የሚያወዳድረው ከማንም ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነውና። በ2002 ለጠቅላላ ሐኪሞች ተብሎ የተዘጋጀው ጂፒኮግ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። የታካሚው ክፍል ከ9 ይታረማል። 9 ያገኘ የሚያሳስብ ነገር አልታየበትም፤ 4 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይሄዳል። ከ5 እስከ 8 ባለው መካከል ወረቀቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፦ በቅርቡ የሆነውን ማስታወስ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት የተነጋገሩትን ማስታወስ፣ ቃል ማግኘት፣ ገንዘብ መያዝ፣ መድኃኒትን በራስ መውሰድ፣ ለመጓጓዝ የሰው እርዳታ መፈለግ። ችግር የለም የተባለበት ጥያቄ ነጥብ ያስገኛል፤ ከስድስቱ 3 እና ከዚያ በታች ካገኘ ጉዳዩ መታየት አለበት ማለት ነው።

አጠያየቁ ላይ ብዙ ይበላሻል። «ያስታውሳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እንዴታ፣ የልጅነታቸውን ሁሉ ያወራሉ» ትባላላችሁ። «ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ሲተያይ፣ ከጥቂት ቀን በፊት ያወራችሁትን መያዝ ይበልጥ ይቸግራቸዋል?» በሉ። ታካሚውን አስፈቅዳችሁ ሰውየውን ለብቻው አነጋግሩት፤ ልጅ እናቷ ፊት «ገንዘብ መቁጠር አቅቷታል» አትልም። ገንዘብ ይዘው የማያውቁ ከሆነ «አይመለከታቸውም» የሚለውን ምረጡ እንጂ «አይችሉም» አትበሉ። ምስክሩም መመዘን አለበት። በወር አንዴ የሚጎበኝ ልጅ ብዙ ያልፈዋል፤ እንቅልፍ ያጣች አስታማሚ ታከብደዋለች፤ ለታመመች ሚስቱ ሳያውቅ ሁሉን የሚሸፍንላት ባል ደግሞ ምንም የጎደለ አይታየውም።

አሁን ወደ ቁጥር። ለስሌት ያህል ከ1,000 አረጋውያን 50ዎቹ በሽታው አለባቸው እንበል። መመዘኛችን ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፤ ካልታመሙት 90 በመቶውን በትክክል ያሳልፋል። 40 ሕሙማን እንይዛለን፣ ከጤነኞቹም 95 ሰው እናስደነግጣለን። ያንኑ ወረቀት ቤተሰብ «ተለውጠዋል» ብሎ ባመጣቸው፣ ከ1,000 ውስጥ 400ው በታመሙበት ቡድን ላይ ብንሠራበት፣ 320 ሕሙማን እንይዛለን፣ በከንቱ የሚደነግጡት 60 ይሆናሉ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ለውጡን ያመጣው የቤተሰቡ ቃል ነው። በ2005 የታተመ፣ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የተሠራ ጥናት 3,340 አረጋውያንን መዝኖ 434ቱን ለተጨማሪ ምርመራ ቢጠራ የተስማሙት 227 ብቻ ነበሩ። እዚያው ኢንዲያና ውስጥ 4,005 ታካሚዎችን ያሳተፈው፣ በ2020 የወጣው ሙከራ ደግሞ ሁሉንም መመዘን ብቻውን በዓመቱ የኑሮ ጥራትን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። በአንጻሩ በ2006 የታተመው የ153 ሕሙማን ሙከራ፣ ነርስ ከሐኪምና ከአስታማሚ ጋር ሆና ስትከታተል የጠባይ መታወኩም የአስታማሚው ጭንቀትም ቀንሷል። ልዩነቱን እዩት፤ አስታማሚው የገባበት ነው የሠራው!

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በቀናት ውስጥ የተለወጠ፣ ትኩረቱ ከፍ ዝቅ የሚል ሰው ዲሊሪየም፣ ማለትም ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት፣ ይዞት ይሆናል፤ ኢንፌክሽንና መድኃኒት ፈትሹ እንጂ የመርሳት መመዘኛ አትስጡት። አሚትሪፕቲሊን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ኦክሲቡቲኒንን የመሰሉ አእምሮን ሊያደነዝዙ የሚችሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ካለ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ድባቴ፣ ታይሮይድ፣ ቢ12፣ የደም ማነስ፣ ስኳር ይታዩ። ጆሮው የማይሰማ ሰው በሚኒ ሜንታል እንዲይዛቸው የሚነገሩትን ሦስት ቃላት መልሶ ባይላቸው አልረሳቸውም፤ አልሰማቸውም። በላንሴት የሕክምና መጽሔት የተሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 የቆጠራቸው 14 ሊቀነሱ የሚችሉ የመርሳት በሽታ ምክንያቶች ውስጥም የመስማት ችግርና የደም ግፊት አሉበት።

ለጥናት ቡድኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። የመረጃ ቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ አብሮ የመጣው ሰው ዝምድና፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያያቸው፣ ስድስቱ ጥያቄዎች መጠየቃቸው። ማንም አብሯቸው ካልመጣ «ብቻቸውን መጥተዋል» ተብሎ ይጻፍ፤ እነሱን ከጥናቱ ካወጣን ከሁሉ የተጎዱትን ነው የምናወጣው። ስልክ ተጠይቆ በሳምንቱ ውስጥ ይደወል። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ እነዚህ መስመሮች ባዶ የሆኑበትን ቅጽ አልቀበልም፤ ወደ መጣበት እመልሰዋለሁ።

አመሰግናለሁ።