ከኬንያ ጋር ስንነጻጸር የማትቆጠረው ልጅ
(በቱሉ ዲምቱ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት፣ እንደምን አደራችሁ? የቅዳሜ ገበያውንም አጠባውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እንድናገር የተጠየቅሁት በኢትዮጵያና በኬንያ ቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚማሩ ሴቶችና ወንዶች ምን ያህል እኩል እንደሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሴቶቹ ተሳትፎ ለወንዶቹ ተሳትፎ ይካፈላል። 1 ከመጣ እኩል ናቸው፤ ከ1 ካነሰ ሴቶቹ ቀርተዋል። ዩኔስኮ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለውን እኩል ብሎ ይይዘዋል። ኬንያ 1 አካባቢ ናት፤ እኛ ከዚያ ትንሽ ዝቅ እንላለን። ታዲያ ብዙ አልተራራቅንም ብለን እናጨብጭብ?

እኔ አላጨበጭብም። ሁለት ባዶ ጆንያም ሚዛን ላይ እኩል ነው። ከመቶ ሴቶች 5፣ ከመቶ ወንዶች 5 ቢማሩ ስሌቱ 1 ይላል፤ 75 በ75 ቢሆንም ያው 1 ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ቅድመ አንደኛ የሚማሩት ከመቶ 5 አካባቢ ነበሩ፤ ለዚያውም አብዛኞቹ ከፋይ ወላጅ ያላቸው የከተማ ልጆች። ከዚያ ኦ ክፍል፣ ማለትም ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚዘጋጁበት ክፍል፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈተና በ2009 ዓ.ም. ከመቶ 40 አለፍን። ቀላል እመርታ አይደለም። ኬንያ ግን ያኔ ከ70 በላይ ደርሳ ነበር።

ኬንያዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት ቅድመ አንደኛን ለካውንቲዎች፣ ማለትም ለአካባቢ መስተዳድሮቻቸው፣ ሰጡት። የሚጠየቅ አካል ታወቀ ማለት ነው፤ የጎደለ መምህር ካለ ወላጅ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ይህ ሲባል በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ያሉት ጋሪሳና ማንዴራ እንደ ናይሮቢ ናቸው ማለት አይደለም፤ የእኛም አፋርና ሶማሌ እንደ አዲስ አበባ አይደሉም። አማካይ ቁጥር ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ከመሀል ከተማ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከመጣን ወዲህ እናት ገና ሳይነጋ ወጥታ ሰልፍ ትይዛለች። አፀደ ሕፃናት ያልገባው ትንሹ ልጅ ከማን ጋር ይውላል? ከእህቱ ጋር፤ ወይም ከገጠር ከመጣች የዘመድ ልጅ ጋር። እሷ ደግሞ 9 ወይም 10 ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል መሆን የሚገባት። በቅድመ አንደኛው ስሌት ውስጥ የለችም፣ ዕድሜዋ አልፏልና። ቤት የቀረው ወንድ ልጅ ከሆነ እንዲያውም ስሌቱ ለሴቶች ያዘነበለ ይመስላል! ዋጋውን የከፈለችው ግን ሴቷ ናት። በእኔ እምነት አንድ ሕፃን ባስገባን ቁጥር አንዲት ታላቅ እህትም ነጻ እናወጣለን፤ ይህን የሚለካ ሠንጠረዥ ግን ከሁለቱም አገር አላየሁም።

የትምህርት ቤት ምገባው አለ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው። የወተመህ አባላት በየብሎካችሁ፣ ከብሎኩ ባሻገር ባሉት የገበሬ ቤቶችም ዙሩልን። የ5 እና የ6 ዓመት ልጅ ቤት ካለ ጻፉ፤ ሴት ይሁን ወንድ ጻፉ፤ ቀን ቀን ማን እንደሚጠብቀውም ጻፉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ አደራ እንዳትዘሏት። ቅጹ ርዕሰ መምህሩ ጋ አለ፤ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት መልሱልን።