የሮን ቀይ ወይንና የጥብስ ቅጠል

የተከበራችሁ የሆቴልና የምግብ ቤት ባለሙያዎች፣ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ሸለቆ ስለሚመጣ ቀይ ወይን ነው። ከአንድ ዓይነት የወይን ፍሬ የተሠራ አይደለም፤ ድብልቅ ነው። ብዙ ደንበኛ «ድብልቅ» ሲባል ርካሽ ይመስለዋል። ይህን ሐሳብ የሚያስቀይሩት እናንተ ናችሁ፤ ምክንያቱም ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ።

በአቪኞን ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ፍሬ የሚቀላቅሉት እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ስላለው ነው። ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግሬናሽ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ ስኳሩ ከፍ ስለሚል አልኮሉም ከፍ ይላል። የበሰለ እንጆሪ ጣዕሙ ከእሱ ነው። ግን ቀለሙ ሳሳ ይላል፤ አየር ካገኘውም ቶሎ ይደክማል። ሲራ ጠቆር ያለ ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ይዞ ይመጣል። ሙርቬድር ደግሞ አፍ ጠበቅ የሚያደርገውን ታኒን ይጨምራል፤ ግሬናሽንም ከአየር ይጠብቀዋል። ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው። የአገሩ ሰዎች ፊቱን ፀሐይ፣ እግሩን ውኃ ይወዳል ይሉታል።

ከእነዚህ ወይኖች በጣም የታወቀው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት መቀመጫቸው አቪኞን ነበር። ዮሐንስ 22ኛ በዚህ መንደር ግንብ አሠሩ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1923 የመንደሩ ገበሬዎች ባሮን ፒየር ለ ሯ የሚባሉ የሕግ ሰው ይዘው ስማቸውን ከአስመሳዮች ለማስከበር ተነሡ። የት እንደሚተከል፣ የትኛው ፍሬ እንደሚገባ፣ አልኮሉ ከስንት እንዳያንስ ራሳቸው ደንብ አወጡ። በ1936 መንግሥት አጸደቀላቸው። 13 ዓይነት ፍሬ መቀላቀል ተፈቀደ። ገበሬ ለራሱ እንዲህ ያለ ጥብቅ ደንብ ሲያወጣ ማየት እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ዋጋው ግን ይከብዳል። ለምግብ ቤት የእኔ ምርጫ የጎረቤት መንደሮቹ ወይኖች ናቸው፤ ዢጎንዳስ ወይም ቫኬራስ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። እዚያ አገር ዶብ የሚሉት ወጥ አለ። የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን፣ በሽንኩርት፣ በጦስኝና በብርቱካን ልጣጭ ተዘፍዝፎ ያድራል። በማግስቱ በቀስታ እሳት ለሰዓታት ይበስላል። የሥጋው ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል፤ ወይኑ በተራው አፍን ከስቡ ያጸዳል። በጉን ደግሞ በሮዝሜሪ ይጠብሱታል። ሮዝሜሪ ማለት ያው የእኛ የጥብስ ቅጠል ነው! ስለዚህ የበግ ጥብስ በቅቤና በጥብስ ቅጠል ጠበስ አድርጋችሁ ስታቀርቡ ይህን ወይን ያለ ሥጋት አቅርቡ። በወይኑ ውስጥ ያለው የደረቀ ቅጠል ሽታና የመጥበሻው ሽታ ይገጥማሉ። ክትፎም ሚጥሚጣው ለብቻው ከቀረበ ጥሩ ነው።

ዶሮ ወጥ ጋር ግን አይሆንም። ይህ ወይን ብዙ ጊዜ 14 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል አለው፤ አልኮል ደግሞ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ደንበኛችሁ ሁለቱን አብሮ ካዘዘ በትሕትና ንገሩት። ለዶሮ ወጥ ጠጅ፣ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ወይን ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ የሚባለው ለቀዝቃዛ የድንጋይ ቤቶች የተባለ ነው። ኩሽና አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ ሲሞቅ የዋለ ጠርሙስ ከተከፈተ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ብርጭቆውንም አትሙሉት፤ ከሲሶ አይለፍ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥብሱ እየመጣ ነው፤ ጥያቄ ያለው እየበላ ይጠይቀኝ።