ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ እምቢ ሲል

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ?

ላፕቶፓችሁ ላይ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት ጫናችሁ እንበል። ድምፁ ይሠራል፣ ስክሪኑ ጥርት ብሏል፣ ማሽኑም ከበፊቱ ፈጠን ብሏል። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የኔትወርክ ምልክት ስትነኩት ግን አንድም ዋይፋይ የለም። የጎረቤት እንኳን አይታይም። ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ልማድ እንተው፦ የላፕቶፑን ስም እየጻፉ መፍትሔ መፈለግ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው ያለው የዋይፋይ ካርድ ሊለያይ ይችላል። ያ መፍትሔውን የጻፈው ሰው ካርዱ ኢንቴል ከሆነና የእናንተ ብሮድኮም ከሆነ፣ የእሱን ትዕዛዝ ብትደጋግሙት ልፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዱን ራሱን እንጠይቀው።

(ስክሪን፦ ተርሚናል ይከፈታል)

ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ መስኮት ተርሚናል ይባላል፤ አትፍሩት። አሁን ጻፉ፦ ኤልኤስፒሲአይ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤንኤንኬ። ሁሉም በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አጻጻፉን ስክሪኑ ላይ ታያላችሁ።

ብዙ ጽሑፍ ይዘረገፋል። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ፈልጉ። መስመሩ መጨረሻ አካባቢ በቅንፍ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ቁጥር አለ። የግራው አምራቹን ይነግራችኋል። 8086 ኢንቴል ነው። 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ኢ4 ደግሞ ብሮድኮም። የቀኙ የካርዱን ዓይነት ይለያል። ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ያለባችሁ ይህንን ሙሉ ቁጥር ነው። ካርዳችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ግን ትዕዛዙ ኤልኤስዩኤስቢ ይሆናል።

ከመስመሩ ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል ካለ፣ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ሊኑክስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ አግኝቷል ማለት ነው። ድራይቨር እያለ ዋይፋይ ከሌለ ሁለት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛው ካርዱ ተዘግቶ እንደሆነ ነው። «አርኤፍኪል ሊስት» ብላችሁ ጻፉ። «ሶፍት ብሎክድ፦ የስ» ካለ ቀላል ነው፤ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል (ሱዶ ማለት ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ፈጽም ማለት ነው)። «ሃርድ ብሎክድ፦ የስ» ካለ ግን በትዕዛዝ አትድከሙ። የላፕቶፑን ጎን ዳብሱ፤ አሮጌዎቹ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ከሌለች የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ከኤፍኤን ጋር ተጫኑ።

ሁለተኛው ፈርምዌር ነው። ፈርምዌር ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ብዙ ካርዶች ግን ይዘውት አይቀመጡም፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንብቦ ይጭንላቸዋል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ከሌለ ካርዱ ይታያል፣ ግን አይሠራም። «ሱዶ ዲሜስግ» ብላችሁ ፈርምዌር እና ፌይልድ የሚሉ ቃላት አብረው ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የድሮ ተጠቃሚዎች በዚህ ብዙ ተሰቃይተዋል፤ ምክንያቱም ኮዳቸው ክፍት ያልሆነ ፈርምዌሮች መደበኛው መጫኛ ውስጥ አይገቡም ነበር። በ2022 የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጥተው አሠራሩን ቀየሩ፤ በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው። ዴቢያን የምትጭኑ ከሆነ የቆየ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ አዲሱን አውርዱ።

(ስክሪን፦ ብሮድኮም፣ 14ኢ4፣ 4365)

አሁን ወደ አስቸጋሪው፣ ድራይቨሩ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ወደማይመጣው ካርድ እንምጣ። ይህ ቁጥር ቢሲኤም 43142 የሚባለው ካርድ ነው። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ገብቷል፤ ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ብሮድኮም ለረጅም ጊዜ ለሊኑክስ ሰዎች የካርዶቹን ሰነድ አልሰጠም። ቢ43 የሚባለውን ድራይቨር በጎ ፈቃደኞች የካርዶቹን አሠራር ራሳቸው መርምረው ነው የጻፉት። በ2010 ኩባንያው አንድ ክፍት ድራይቨር ለቀቀ፤ እሱም የሚያገለግለው ጥቂት ካርዶችን ነው። ለእኛው 43142 የቀረው ደብሊውኤል የሚባለው የኩባንያው ዝግ ድራይቨር ብቻ ነው።

እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት እንዳይኖረን ያደረገው ካርዱ ራሱ! እዚህ ላይ ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ግን አይሆንም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ላፕቶፑ በገመድ የተገናኘ መስሎት ወዲያው ኢንተርኔት ያገኛል። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያካፍለው ያንኑ ዋይፋይ ነው፤ ስለዚህ ለፓኬጃችሁ አትስጉ።

ቀጥሎ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር»፣ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈቱ። የብሮድኮሙን ምረጡና አፕላይ በሉ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ተርሚናል ላይ ከሆናችሁ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ፕሮግራምን የሚከለክል ጥበቃ) የበራ ከሆነ መሃል ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ፍጠሩ ይላችኋል። አስታውሱት። ሪስታርት አድርጋችሁ ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው ደንግጦ «ኮንቲኒው ቡት» ይላል፣ ከዚያም ድራይቨሩ ተጭኖ ሳይሠራ ይቀራል። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንን የይለፍ ቃል አስገቡ። ካመለጣችሁ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ፣ ወይም ባዮስ (ከሊኑክስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን አጥፉ።

ካርዱን አውጥቶ በኢንቴል መቀየርስ? እኔ እመርጠዋለሁ፤ የኢንቴል ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አብሮ ይመጣል። ግን አንዳንድ የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮሳቸው የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም። ሳትገዙ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል አጣሩ። ለዚህ የላፕቶፑ ስም ይጠቅማል።

በደብሊውኤል ለቀጠላችሁ፦ ይህ ድራይቨር ከርነል በተቀየረ ቁጥር ማሽናችሁ ላይ እንደገና ይገነባል። ሥራውን የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከአዲስ ከርነል ጋር አልስማማ የሚልበት ጊዜ አለ። አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ዋይፋዩ ከጠፋ ሪስታርት አድርጉ፤ ሲነሳ ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ተጫኑ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡና የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ድራይቨሩ እስኪስተካከል ድረስ በእሱ መቆየት ትችላላችሁ።