ባሕሩን እንደ መንገድ የቆጠሩ ሰዎች

የተከበራችሁ የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ኮሚቴው «ስለ ትራንስፖርት ችግራችን አንድ ነገር በይን» ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው እዚህ ኮሙናል ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ ስለ ሰልፉ አልነግራችሁም። የምነግራችሁ መኪና ስለምትጭን መርከብ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ወደ አባዶ እመለሳለሁ።

ለትምህርት ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ውቅያኖሱ ላይ፣ ውጪኛው ሄብሪድስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። 26 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ትልቋ ከተማቸው ስቶርኖዌይ ናት። ከየብሱ ወደ እሷ የሚሻገሩት ኡላፑል ከምትባል ትንሽ ወደብ ተነስተው ነው። በመሐል 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አለ። ድልድይ የለም። መርከቧ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትሄዳለች። አብራኝ የምትማር ልጅ አገሯ እዚያ ስለሆነ አንድ ክረምት ቤተሰቦቿ ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

የሄድነው በእሷ መኪና ነው። ወደቡ ላይ መኪኖች በመስመር በመስመር ተሰልፈዋል። ሰልፍ ነው፣ ግን ማንም አይጋፋም፤ መርከቧ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ ሁሉም ያውቃል። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ በጎች የጫነ ተጎታች ይዘው ቆመዋል። ውሻቸው ጋቢና ተቀምጦ ወደ ኋላ ያየናል። ከጎናችን የዳቦና የወተት መኪና አለ።

መርከቧ መጥታ ትልቁን በሯን ከፈተች። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ በጣቱ ብቻ ይመራል። ና፣ ና፣ ትንሽ ግራ፣ በቃ። መኪኖቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ በሩ የሚከፈተው ስንዝር ያህል ነው። ሆዴን ስቤ ወጣሁ። ሞተር ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹን የጭነት መኪኖች ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ያስሯቸዋል። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ባሕር ላይ እያሉ መኪናው ዘንድ መመለስ ክልክል ነው። እኛ ላይ ሻይ እየጠጣን ማዕበሉ መርከቧን ሲንጣት፣ ከታች የመኪኖች አላርም ሲጮህ ይሰማል። ማንም ዞር ብሎ አያይም። ለምደውታል።

ስንመለስ ግን ንፋስ ተነሳ። ማታውኑ ስልካችን ላይ መልእክት መጣ። ነገ ጠዋት የሚደረገው ጉዞ በንፋሱ ምክንያት ተሰርዟል፣ ቀጣዩን መረጃ በዚህ ሰዓት እንነግራችኋለን ይላል። በተባለው ሰዓት ሌላ መልእክት መጣ። አሁንም የለም። በሦስተኛው ተሻገርን። አንድ ቀን ሙሉ ቀርተን ነበር፤ ነገር ግን በብርድ ወደብ ላይ የቆመ አንድም ሰው አላየሁም። ሁሉም ቤቱ ሆኖ ነው የጠበቀው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። መቅረት ያለ ነው። ሰውን ሳይነግሩ ማቆም ግን ሌላ ነው።

የጣና ደሴቶች ሰው ይህን ከእኔ በላይ ይረዳዋል። ደቅ ላይ ለሚኖር ሰው ጀልባው ሐኪም ቤቱም ገበያውም ነው። በሄብሪድስም እንደዚያው ነው። መርከቧ ሁለት ሦስት ቀን ከቀረች የሱቁ መደርደሪያ ይራቆታል። ስቶርኖዌይ ሆስፒታል ቢኖርም አንዳንድ ሕክምና የሚገኘው ባሕሩን ተሻግሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደሴቶቹ ላይ ለብዙ ዘመን የሚነሳ አንድ ቅሬታ ነበር። እዚያው አገር የብስ ላይ የሚኖር ሰው 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚያወጣው የነዳጅ ብቻ ነው። ደሴቱ ላይ የሚኖር ግን ያንኑ ርቀት በባሕር ሲሄድ የትየለሌ ይከፍላል። ሁለቱም ግብር ከፋይ ናቸው። ታዲያ ባሕሩ መንገዳችን አይደለም ወይ? አሉ። መንግሥትም በፈረንጆች 2008 አዲስ ታሪፍ በሙከራ ጀመረ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ያንን ርቀት በአስፋልት ብትነዳ ስንት ታወጣ ነበር? እሱና አንድ ቁርጥ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ፤ በቃ። ዋጋው በጣም ወረደ። በኋላ ሌሎች ደሴቶችም ገቡበት። ኖርዌይ ደግሞ ቀድሞውንም መኪና ጫኝ መርከቦቿን የአገሪቱ መንገድ አካል አድርጋ ነው የምትቆጥራቸው።

ሁሉም ነገር ሰመረ ማለቴ አይደለም። በ2012 ትልልቅ የጭነት መኪኖች ከቅናሹ ወጡ፤ ደሴቱም ተቆጣ። ዋጋው ሲረክስ ደግሞ በበጋ ቱሪስቱ መርከቡን ሞላውና የአገሩ ሰው ቦታ አጣ። መርከቦቹም አርጅተዋል። በ2015 ከታዘዙት ሁለት አዳዲስ መርከቦች የመጀመሪያዋ ሥራ የጀመረችው በ2025 ነው። አሥር ዓመት! ነገር ግን ሰዎቹ ዝም አላሉም። የቀረውን ጉዞ በቀኑና በሰዓቱ ጽፈው ይይዛሉ፤ ስብሰባ ላይ ያንን አውጥተው ይጠይቃሉ።

እኛስ? ዕጣ ሲወጣልን እልል ብለን ነው አባዶ የገባነው። ከተማው ወደዚህ ያወጣን ቤት ስላስፈለገን ነው። ማታ ከመገናኛ ስንመለስ ግን ታክሲው መንገዱን እየቆራረጠ ይጭነናል። እስከ ካራ አንድ ሒሳብ። ከካራ ሌላ ሒሳብ፣ ሌላ ሰልፍ። ጫፍ ላይ በመኖራችን ብቻ ለአንድ መንገድ ሁለቴ እንከፍላለን። የደሴቱ ሰዎች ጥያቄና የእኛ ጥያቄ አንድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰዓት ይከበር ስንል ሾፌሩ ይክነፍ ማለታችን አይደለም። በፈረንጆች 1987 መጋቢት 6 ቀን ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባል መኪና ጫኝ መርከብ ከቤልጅየም ዜብሩገ ወደብ ተነሳች። የፊት በሯ አልተዘጋም ነበር። እንዲዘጋ የተመደበው ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል። ካፒቴኑ በሩ መዘጋቱን የሚያሳየው መብራት እንኳ አልነበረውም። ቶሎ የመነሳት ጥድፊያ ነበረ። ውሃ ገባ። መኪኖቹ የሚቆሙበት ወለል መሐሉ ላይ ግድግዳ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ስለሆነ፣ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት መርከቧን ይዟት ይዞራል። ከወደቡ ወጣ እንዳለች በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰው ሞተ። በሩ ተዘግቶ እንደሆነ የሚያይ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው። እኔም ልጆቼን ጭኖ የሚመጣው መኪና አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ፍሬኑ ቢታይ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር የተነጋገርነው ይህ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሳምንት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 እስከ 3 ሰዓት ፌርማታው ላይ በተራ እንቆማለን። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን እንጽፋለን። ስንት ሰው እንደቀረ እንቆጥራለን። ታክሲው የት ላይ እንዳወረደንና ስንት እንዳስከፈለን እንመዘግባለን። ያንን ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ እንሄዳለን። የምንጠይቀው የተጻፈ የመነሻ ሰዓት፣ ሲቀር በስልክ የሚነገር መልእክት፣ እስከ አባዶም አንድ ሒሳብ ነው።

ደብተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማለዳ ለማለዳ እማማዎችን አናስቸግርም፤ ወጣቶቹ የጠዋቱን ያዙልን። የሰኞን ንጋት እኔ ጽፌበታለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ሰው ይጎድላል።

አመሰግናለሁ።