የአኳሪየሙ ጥንስስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ከድምፄ ጀርባ፣ በየሦስት ሰከንዱ ገደማ፣ «ጢብ» የሚል ቀጭን ድምፅ ብትሰሙ የቀረጻ ጉድለት አይደለም። ባሕር ዳር በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከተቀመጥሁበት ወንበር አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም፣ ማለትም ዓሣና ተክል የማሳድግበት የመስተዋት ገንዳ፣ አለ፤ ድምፁም ከጎኑ ከቆመ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተነሥቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው የሚገባው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለቀረጻው ስል ቱቦውን ላወጣው እችል ነበር፤ ነገር ግን የዛሬው ጨዋታችን ስለ እርሱ ስለሆነ ይሰማ ብዬ ተውሁት።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዓሣ የሚያሰግር አንድ ወዳጄ ከጣና ዳርቻ አንድ እቅፍ የውሃ ውስጥ ተክል አመጣልኝ፤ ግማሹ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ቅጠል ያለው ቫሊስኔሪያ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ሥር አልባው፣ እንደ ጭራ የተንጨባረረው ሴራቶፊለም። ይኸው ወዳጄ ሁለት የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶችም ጨምሮልኝ ነበር፤ እነርሱ ግን በሦስት ቀን ውስጥ አሸዋውን ቆፍረው የተከልሁትን ሁሉ ስለነቀሉብኝ ወደ መጡበት መለስኋቸውና በምትካቸው ጋፒ የተባሉ 11 ትናንሽ ዓሣዎች አስገባሁ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላ ሉድዊጂያ የተባለ ተክል፣ ዋጋውን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ በትክክል ሳልነግራት፣ ገዝቼ መጣሁ።

የጣናዎቹ ተክሎች ያለ ማንም እርዳታ አደጉ። ሉድዊጂያው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የታች ቅጠሎቹን አራገፈ፣ ግንዱ ሰለለ፣ ቀይነቱም ደብዝዞ የሻይ ቅጠል መሰለ። ብርሃን ያነሰው መስሎኝ በቀን ለ6 ሰዓት ይበራ የነበረውን መብራት ወደ 10 ሰዓት አሳደግሁት። ለጭማሪው ምስጋና ያቀረበው ሉድዊጂያው ሳይሆን ዋቅላሚው፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚያድገው አረንጓዴ ልባስ፣ ነበር፤ መስተዋቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ድንጋዩ ጥቁር ጢም አበቀለ፣ ሉድዊጂያውም ከበፊቱ ፈጥኖ መሞት ጀመረ። አንድ ሰው በባዶ ሆዱ እያለ ሥራ ቢጨምሩበት የሚሆነውን ማለት ነው፤ ብርሃን ለተክል ሥራ እንጂ ምግብ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከተክል ደረቅ አካል ውስጥ ከመቶ 40 ገደማ የሚሆነው ካርቦን ነው፤ ያም ካርቦን የሚመጣው ትምህርት ቤት ሳለን «የተቃጠለ አየር» እያልን ከምንጠራው ጋዝ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ነው። ስሙ ራሱ አሳስቶኝ የኖረ ይመስለኛል። የተቃጠለ ሲባል የተጣለ፣ ያለቀለት፣ ከቤት ውጭ መውጣት ያለበት ነገር መስሎ ይሰማል፤ ለተክል ግን ያ ጋዝ እህሉ ነው። መሬት ላይ ያለ ተክል ይህን እህል ነፋስ እያመላለሰ በየቅጠሉ ያድለዋል። ውሃ ውስጥ ያለው ግን ሁለት ችግር አለበት፦ አንደኛ፣ ከአየር ጋር ተመጣጥኖ የቆመ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ፣ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ፣ ቅጠሉ በዙሪያው ያለችውን ጥቂት ጋዝ ከጨረሰ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስለት ድረስ እየተራበ ይጠብቃል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጣናን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እግሩን ውሃ ውስጥ ከትቶ ራሱን ለነፋስ ይሰጣል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረውና ስንቱን ሰው ከነማጭዱ ውሃ ውስጥ ያስገባው እምቦጭም እንዲሁ ነው፤ ሥሩን ወደ ውሃው አንጠልጥሎ ማዕድኑን ይመጥጣል፣ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ዘርግቶ ካርቦኑን ከአየር ያፍሳል። ሌሎች የመስፋፋቱ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ከእርሱ በታች ያሉት ተክሎች ጥላውን ብቻ ሳይሆን ረሃቡንም ተሸክመው ነው የሚወዳደሩት። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ለዚህ ኑሮ የተበጁ ናቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያልቅባቸው በውሃው ውስጥ ከሟሟው ባይካርቦኔት ከተባለ የካርቦን ውህድ ካርቦን መውሰድ ይችላሉ። በተፈጥሮው ረግረግ ዳር የሚኖርና ራሱን ወደ አየር ማውጣት የለመደ እንደ ሉድዊጂያ ያለ ተክል ግን ውሃ ውስጥ ሲያሰጥሙት በአብዛኛው ይህ መላ የለውም። የኔው ቀይ ተክል ስንፍና እንዳልነበረበት እዚህ ላይ ገባኝ።

ጋዙን ለመጨመር ከተለመዱት መንገዶች አንዱ በሲሊንደር የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አመቺነቱ በቫልቭ መክፈትና መዝጋት መቻሉ ነው፤ ነገር ግን በ20 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 57 ባር ያህል ግፊት ያለውን ዕቃ ያለ ትክክለኛ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) ልጆች በሚሯሯጡበት ሳሎን ማስቀመጥ አልደፈርሁም። «አምቦ ውሃ ብትጨምርበትስ?» ያለኝ ጎረቤትም አለ። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ብልህ ነው፤ በእርግጥ ጋዝ አለው። ይሁን እንጂ ከጋዙ ጋር ብዙ ባይካርቦኔትና ሌላ ማዕድን ይዞ ስለሚገባ የውሃውን ጠባይ ይለውጠዋል፣ ጋዙም በሰዓታት ውስጥ በንኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ አምቦው ለእንግዳ እንዲቀመጥ ተስማማን።

የቀረኝ መንገድ እርሾና ስኳር ነበር። በ2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 200 ግራም ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨመርሁ። ጠርሙሱ የለስላሳ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ የውሃ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ ግፊት አይችልም። ቱቦውን ከመድኃኒት ቤት አገኘሁት፦ የግሉኮስ መስጫው ቱቦ ጠብታ የሚቆጠርባት ብርጭቆ መሰል ክፍል ስላለችው፣ በመጠኑ ውሃ ሲጨመርባት አረፋ መቁጠሪያ ሆና ታገለግላለች። በጠርሙሱና በአኳሪየሙ መካከል ሌላ ባዶ ጠርሙስ አስገባሁ፤ አለበለዚያ የእርሾው አተላ አንድ ቀን ተገፍቶ ዓሣዎቹ ላይ ይደፋል። ጋዙን በደቃቁ የሚበትን ሸክላ ስላልነበረኝ በቱቦው ጫፍ ላይ የቀርከሃ ቁራጭ ሰካሁ፤ ከእንጅባራ በመጣ ወንበር ላይ የተሰበረ እግር ነበርና ከእርሱ ቆረጥሁ። አረፋው በቀርከሃው ቀጫጭን ቧንቧዎች አልፎ እንደ ጭጋግ ሲወጣ ሳይ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አለችኝ። እርሾና ስኳር መሆኑን፣ ከእርሱ የሚወጣው አየር ለሣሮቹ እንደሚጠቅም አስረዳኋት። ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችና፣ «ታዲያ ጠንስሰሃላ!» አለች። እኔ ሳምንት ሙሉ ያነበብሁትን በአንድ ቃል ጨረሰችው። በእርግጥም የጠላውን ጥንስስ የሚያፍለቀልቀው፣ የእንጀራውንም ዓይን የሚከፍተው ይኸው ጋዝ ነው፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ እናቴ አልኮሉን ስትፈልግ እኔ ጋዙን እፈልጋለሁ። ጠርሙሴ በአራተኛው ቀን ዝም ማለቱን ስነግራት ደግሞ፣ «እርሾ አብዝተህበት ነዋ፤ ቶሎ የፈላ ቶሎ ይሞታል» አለችኝ። እርሾውን ከአንድ ሾርባ ማንኪያ ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝቅ አደረግሁት፤ ጠርሙሱንም ቀን ከሚያሞቀውና ሌሊት ከሚያቀዘቅዘው መስኮት ሥር አንሥቼ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋሁት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ያህል በእኩል ትንፋሽ ይሠራል። እኩል መሆኑ ከመብዛቱ በላይ የሚጠቅም ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ያ ድንጋይ ላይ የበቀለው ጥቁር ጢም ጋዙ ዛሬ በዝቶ ነገ በሚያንስበት ውሃ ውስጥ ነው የሚመቸው።

ስሌቱ ደግሞ አንድ ነገር አሳየኝ። 200 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ከ100 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። የእኔን 100 ሊትር ውሃ፣ ብዙዎች እንደ ግብ ወደሚጠቅሱት 30 ሚሊ ግራም በሊትር ለማድረስ የሚያስፈልገው ግን 3 ግራም ብቻ ነው። የቀረው የት ይሄዳል? ጥቂቱን ተክሉ ይበላዋል፤ አብዛኛው በውሃው ገጽ በኩል ወደ ሳሎኑ ይወጣል። ለካ የምሞላው የተሸነቆረ እንስራ ኖሯል! ስለዚህ በእንስራው ውስጥ ያለውን መጠን የሚወስነው የምጨምረው ብቻ ሳይሆን የሚፈስሰውም ጭምር ነው።

መጠኑን የምለካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውሃው ውስጥ የምትንጠለጠል ትንሽ ብርጭቆ ናት፤ በውስጧ የካርቦኔት ጥንካሬው (የሟሟው ባይካርቦኔት ልክ) 4 ዲግሪ የሆነ ውሃና ብሮሞታይሞል ብሉ የተባለ ቀለም አለ፤ ሰማያዊ ሲሆን ጋዙ አንሷል፣ አረንጓዴ ሲሆን ወደ 30 ሚሊ ግራም ተጠግቷል፣ ቢጫ ሲሆን አልፏል። ክፋቷ መልሷ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ስሌት ነው፤ የውሃው ካርቦኔት ጥንካሬ በ3 ይባዛል፣ ከዚያም የውሃው ኮምጣጣነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ7 በአንድ በወረደ ቁጥር በ10 ይባዛል፣ በአንድ በወጣ ቁጥር ለ10 ይካፈላል። የእኔ ውሃ በካርቦኔት ጥንካሬ 6 ዲግሪ ስለሆነ፣ ፒኤቹ 7.6 ሳለ አራት ተኩል ሚሊ ግራም ገደማ ነበረው፤ 7 ሲሆን 18 ይደርሳል፤ 6.8 ሲሆን ደግሞ ከ28 ያልፋል። ከ7 ወደ 6.8 መውረድ በቁጥር ኢምንት ቢመስልም ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ኢምንት አይደለም። ይህ ስሌት የሚያገለግለው ፒኤቹን ሌላ ነገር ካልነካው ብቻ ነው፤ ቀለሙን የሚለቅ እንጨት ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ባይተማመንበት ይሻላል።

እኔ 28ቱን መርጬ ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማጣሪያው ቆመ፤ የውሃው ገጽ እንደ ዘይት ረጋ። ጠርሙሱ ግን መብራት አይፈልግም፣ መፍላቱን ቀጠለ። ተክሎቹም በጨለማ እንደማንኛውም ፍጡር ኦክሲጅን እየሳቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሞባይሌ ብርሃን ሳይ ጋፒዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አጋጥመው ይጎነጫሉ፤ አራቱ ታች ወድቀዋል። ዓሣ በደሙ ያለውን የተቃጠለ አየር በስንጥቡ ሊያወጣ የሚችለው ውጭ ያለው ውሃ ከደሙ ያነሰ ሲይዝ ነውና፣ ውሃውን በሞላሁት ቁጥር መውጫ በሩን እየዘጋሁባቸው ነበር። ቱቦውን ነቅዬ አወጣሁ፣ በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ እያፈሰስሁ እስኪነጋ ቆየሁ። ሰባቱ ተረፉ፤ አራቱን ከቤቱ ጀርባ ቡናው ሥር ቀበርኋቸው።

ከዚያ በኋላ ነው የ30 ሚሊ ግራሙን ምክር እንደገና የጠየቅሁት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊታችን ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ወለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክሲጅን ሲይዝ የእኛው 6 ተኩል ቢሆን ነው። ዓሣዎቼ ገና ሳልነካቸው አንድ አምስተኛ ተቀንሶባቸዋል ማለት ነው። ሁለቱ ጋዞች ውሃ ውስጥ ቦታ አይሻሙም፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው የግድ አያንስም፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ስንጥብ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ አሁን ከ18 አላልፍም። ማጣሪያውም የውሃውን ገጽ በቀስታ እንዲያንቀሳቅሰው ወደ ላይ አዞርሁት፤ ጋዝ ያባክናል፣ ይባክን። መብራቱን ወደ 7 ሰዓት መለስሁት፣ ከአሸዋው ሥር የጓሮ አፈር አነጠፍሁ፤ በአፈሩ ውስጥ የሚበሰብሰው ነገርም ያለ ጠርሙስ የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ሉድዊጂያው በፎቶግራፍ እንደሚታየው ደማቅ ቀይ አልሆነም፤ የብርንዶ ሳይሆን የበርበሬ አውድማ ቀለም ነው ያለው፤ ግን ቅጠሉን ማራገፉን ትቷል።

ማታ ማታ ቱቦውን ማውጣትም ልማድ ሆኖብኛል። መጀመሪያ በግሉኮሱ መቆለፊያ እዘጋው ነበር፤ ጠርሙሱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ካገኘሁት በኋላ ግን መዝጋቱን ትቼ ጫፉን ከውሃው አውጥቼ አየር ላይ እተወዋለሁ፤ ጥንስስ አፉ አይታፈንምና። ቀትር ላይ ለምሳ ስገባ፣ መብራቱ ሊበራ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ መልሼ እከተዋለሁ። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፤ መብራቱ በራሱ ሰዓት ቆጣሪ ሊጠፋ ነው። ማይክሮፎኑን ላስጠጋው፤ የመጨረሻዋን «ጢብ» ስሙና ልንቀለው።