ኤክሴል ላይ የፈለጋችሁት ስም ራሱ ይብራላችሁ

ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች! ዛሬም ከደሴ ነን። ርዕሳችን ፍለጋ ነው። መፈለጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ችግሩ የተገኘውን ማየት ነው።

ኮንትሮል ኤፍ ነካችሁ፣ ስሙን ጻፋችሁ፣ ኢንተር። ኤክሴል «አገኘሁት» ይላል። የታለ? አንዲት ሴል ቀጭን አረንጓዴ መስመር ተከብባ ቁጭ ብላለች። ሁለት ሺህ መስመር ውስጥ! ያችን መስመር በዐይን ማሰስ ሌላ ፍለጋ ነው።

እስቲ ማታ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ደሴን ቁልቁል እዩአት። ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ መብራት በመብራት ናት። አጠገባችሁ ያለ ሰው በጣቱ እየጠቆመ «ያውላችሁ፣ የአክስቴ ቤት» ቢላችሁ ይታያችኋል? አይታያችሁም። ጠቋሚው አልተሳሳተም፣ ዐይናችሁም ደህና ነው፤ ግን መብራቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ኮንትሮል ኤፍ ያ ጣት ነው። አሁን አክስትየው ቀይ አምፖል ብታበራስ? ጣት አያስፈልግም! ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ቀይ ቢያበራ ደግሞ የት ሰፈር እንደበዙ፣ ማን ለብቻው ዳር እንደወጣ በአንድ እይታ ለያችሁ። ፊልተርስ? ፊልተር የሌላውን ሰው መብራት ሁሉ ያጠፋል። ዘመዶቻችሁ ይታያሉ፣ ጎረቤታቸው ግን የለም። መዝገብ ለሚያመሳክር ሰው ጎረቤቱ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እኔ ቀዩን አምፖል እመርጣለሁ።

አምፖሉ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ነው፤ ያላችሁት ሁኔታ ሲሟላ ሴሉን ራሱ የሚያቀልም ማለት ነው። የዕድር መዝገብ እንያዝ፤ ስም ቢ ዓምድ ላይ ነው፣ ኤች 1 ባዶ ነው፣ የምንፈልገውን እዚያ እንጽፋለን።

[ስክሪን፦ ቀመሩ በትልቁ]

ከኤ 2 እስከ ኤፍ 2000 ምረጡ። ሆም፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ኒው ሩል፣ የመጨረሻው ምርጫ፣ ዩዝ ኤ ፎርሙላ የሚለው። ቀመሩ፦ እኩል ይሆናል፣ ኤንድ፣ ቅንፍ ክፈቱ፣ ኤች 1 ባዶ ካልሆነ፣ ኮማ፣ ሰርች፣ ቅንፍ ክፈቱ፣ ኤች 1፣ ኮማ፣ ቢ 2፣ ሁለቱንም ቅንፍ ዝጉ። «ባዶ ካልሆነ» የሚጻፈው በያንሳል፣ በይበልጣል እና በሁለት የጥቅስ ምልክት ነው። ፎርማት፣ ፊል፣ ደማቅ ቢጫ፣ ኦኬ። አለቀ።

የዶላር ምልክቱን ግን እዩ፣ ዓምዱን ወይም መስመሩን ባለበት የሚያስረው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤች 1 ላይ ከኤችም ከ1ም ፊት ዶላር አለ። ቢ 2 ላይ ግን ከቢ ፊት ብቻ! ከቢ ፊት ከረሳችሁት መስመሩ ሙሉ አይቀለምም፣ ቀለሙ ዘሎ ሌላ ዓምድ ላይ ያርፋል። ምርጫችሁ ከኤ 1 ጀምሮ ቀመሩ ቢ 2 ካለ ደግሞ ቀለሙ አንድ መስመር ከፍ ይላል። «ባዶ ካልሆነ» የሚለውን ከተዋችሁት ኤች 1ን ስታጠፉ ስም ያለበት ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ሰርች ባዶ ነገር ፈልግ ሲባል «1ኛው ፊደል ላይ አለ» ብሎ ነው የሚመልሰው።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። «ኤክሴል አማርኛ አይፈልግም» የሚለው ነገር በጣም በዝቷል። አብሽሩ፣ ይፈልጋል! እንደኛ በጆሮው ሳይሆን በኮድ ነው የሚፈልገው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ ላይ ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ለኛ አንድ ድምፅ፣ ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት። ሠ እና ሰም፣ ፀ እና ጸም እንደዚያው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሐሰን፣ አሕመድ፣ ሑሴን የሌለበት መዝገብ የታለ? አንዱ ጸሐፊ «አህመድ» ይላል፣ ሌላው «አሕመድ»። ግማሹ ሰው አልበራም ማለት ነው፤ የዕድር መዋጮ ሲሆን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መላው የጥያቄ ምልክት ነው። ኤች 1 ላይ አ?መድ ብላችሁ ጻፉ፤ ምልክቱ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይተካል፣ ሁለቱም ይበራሉ። ?ሰን ብትሉ ሀሰንም ሐሰንም ይመጣል፤ ወሰንም አብሮ ይበራል፣ እሱን በዐይን ትለያላችሁ። የአማርኛ ኪቦርዱ ባለ ሦስት ነጥቡን ፧ ከጻፈላችሁ አይሠራም፤ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩና ጻፉት። በስምና በአባት ስም መካከል ሁለት ክፍት ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ካለም ኮከብ አስገቡ፦ ሰይድ*አሊ። መሀሉ ላይ ያለው ምንም ቢሆን ግድ የለውም።

ቪዲዮው ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ መዝገብ ለሚይዘው ለዕድራችሁ ጸሐፊም ላኩለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሌላ ፋይል ስም ስታመጡ ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ ቀለምና ቅርጹ የሚለጥፈውን ፔስት ቫልዩስ ተጠቀሙ። ተራ ፔስት የቀለሙን ሕግ (ሩሉን) ይቆራርጠዋል፣ ከጊዜ በኋላ አንዳንድ መስመር አልበራ ይላል። ከሆነባችሁ ማኔጅ ሩልስ ግቡ፣ ዲስ ወርክሺት የሚለውን ምረጡ፣ የተደጋገሙትን ሰርዙና የቀረውን ክልል መልሳችሁ ከኤ 2 እስከ ኤፍ 2000 አድርጉት። በጥቁርና ነጭ የምታትሙ ከሆነ ቢጫው ደብዝዞ ስለሚጠፋ ፎርማት ውስጥ ቦልድም ጨምሩበት።